«አፕላይድ» የምትል ቃል ሥራ ልታሳጣኝ ስትል

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ነው። ማስታወቂያው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በር ላይ፣ ቀድሞ በተለጠፉ ወረቀቶች ላይ ተደርቦ ተለጥፏል። የአንዱ ጥግ ሙጫ ለቆ በነፋስ ይርገበገባል። በእጄ ቀጥ አድርጌ ይዤ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። አርቆ አሳቢ ሆኜ አይደለም፤ ብዕር ስላልያዝኩ ነው።

መስፈርቱ አጭር ነበር። «በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ፒጂዲቲ ያለው/ያላት፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመትና ከዚያ በላይ»። የሁለተኛ ደረጃ መምህር። ዲግሪው አለኝ። ፒጂዲቲውን፣ የማስተማር ሙያ ዲፕሎማውን ማለቴ ነው፣ በክረምት ተምሬ ጨርሻለሁ። የግል ትምህርት ቤት 4 ዓመት አስተምሬያለሁ። «ይቺማ የእኔ ናት» ብዬ ተመዘገብኩ።

ከ10 ቀን በኋላ ዝርዝሩ ወጣ። ስሜ ከታች፣ ለብቻው በተሰመረ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ከጎኑ «መስፈርቱን አታሟላም» ይላል። የቱን መስፈርት? እሱን አይልም። ከሥር ግን «ቅሬታ ያለው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያቅርብ» የሚል አለ።

ሰው ሀብት ገባሁ። ሠራተኛዋ ፋይሌን አወጣችና ጣቷን ዲግሪዬ ላይ አሳረፈች።

«ይኸው፣ አፕላይድ ባዮሎጂ ነው የሚለው። እኛ የጠየቅነው ባዮሎጂ ነው።»

«አፕላይድ ባዮሎጂ እኮ ባዮሎጂ ነው።»

«እሱን ለእኔ አትንገሪኝ፣ ኮሚቴው ነው የወሰነው። ደግሞ ኦሪጅናሉስ? ይሄ ቴምፖራሪ ነው።»

ኦሪጅናሉ ዩኒቨርሲቲው ጋ ነው። ወጪ መጋራቱን ከፍዬ ሳልጨርስ አይሰጠኝም። ወጪ መጋራቱን የምከፍለው ደግሞ ደህና ሥራ ስይዝ ነው። እሷም ታውቀዋለች። ሁለታችንም ዝም አልን።

ያን ማታ በንዴት 3 ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። ውጤቴን ጻፍኩ፣ የደከምኩበትን ጻፍኩ፣ እናቴን ሁሉ ጻፍኩ። ለማሳመሪያ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ን ጠቀስኩ። ከዚያ ሰፈራችን ላሉ አንድ ሰው ወሰድኩት። ጡረታ እስኪወጡ ፍርድ ቤት የሠሩ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ልጄ፣ ይሄ ለቅሶ ነው። አቤቱታ አይደለም» አሉኝ።

አዋጁም አላማራቸውም። 1064/2010 ያኔ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይሠራ የነበረ ነው። እኔ ያመለከትኩት ወረዳ ነው። የወረዳ መምህር የሚቀጠረው በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅና ከሱ በወጡ መመሪያዎች ነው። ይሄን ስንቱ መምህር እንደማያውቀው ከዚያ በኋላ አይቻለሁ። ከኢንተርኔት ያገኘነውን አዋጅ ሁሉ ለእኛ የወጣ ይመስለናል። የተሳሳተ አዋጅ የጠቀሰ ሰው ደግሞ ትክክለኛ ነገሩንም የሚሰማው የለም።

ቀጥለው ማስታወቂያው ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ፎቶውን አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አነበቡትና «ፒጂዲቲ ማለት ምንድን ነው?» አሉ።

አስረዳኋቸው። ድሮ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚሆን ሰው የሚያስተምረውን ትምህርትና የማስተማር ዘዴውን አንድ ላይ ተምሮ ይመረቅ ነበር። ከዚያ አሠራሩ ተቀየረ። መጀመሪያ በትምህርቱ ዲግሪ ትይዛለህ። ማስተማር ከፈለግክ በዲግሪው ላይ የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ ትጨምራለህ። ፒጂዲቲ የሚባለው እሱ ነው።

«እንግዲያው ማስታወቂያው ፒጂዲቲ ያለው ይምጣ ሲል ማንን ነው የጠራው?»

አፌ ተከፍቶ ቀረ። የጠራው እኛን ነው! አፕላይድ የተመረቅነውን፤ የማስተማር ዘዴ ሳይጨመር ትምህርቱን ብቻ ተምረን የወጣነውን። በማስተማር የተመረቀማ ፒጂዲቲ ምን ያደርግለታል? ፒጂዲቲ ጠይቆ አፕላይድን መጣል፣ ሰው ጠርቶ በር ላይ እንደመመለስ ነው።

አዲሱ አቤቱታ አንድ ገጽ ነበር። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅኩ። የተጣልኩበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠኝ። የተጣልኩበት መስፈርት ማስታወቂያው ላይ የቱ ጋ እንዳለ ይገለጽልኝ። ፎቶውን አትሜ አያያዝኩ። ከሥር «ግልባጭ፦» ብዬ ዞኑንና የክልሉን ሲቪል ሰርቪስ ጻፍኩ። ይቺ ግልባጭ ቀላል አይደለችም። ወረቀቱ ሌላም ቦታ እንደደረሰ ሲያውቁ መሳቢያ ውስጥ አያሳድሩትም።

መዝገብ ቤት ያለው ልጅ ተቀብሎ «በቃ ሂጂ» አለኝ። በእኔ ቀሪ ላይ «ደርሶናል» ብለህ ማኅተም ምታልኝ አልኩት። አይደረግም አለ። ሦስተኛው ቀን ነው፤ ያለ ማኅተም ከሄድኩ ነገ «በጊዜው አላቀረብሽም» ቢሉኝ ምን ይዤ ልከራከር? ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሳሁም። መጨረሻ ላይ ጥጉ ጋ ፋይል የሚሰፉ አንዲት እናት ተነሱ። «አምጪ ልጄ፣ ምን ችግር አለው» ብለው ቀንና ቁጥር ጽፈው ጠብ አደረጉልኝ። ማኅተሙ ትንሽ ተጣሟል። ወረቀቱ እስካሁን አለኝ።

መልስ እስኪመጣ ዩኒቨርሲቲ ወረድኩ። ሪጅስትራር ሁለት ቀን አመላለሰኝና አራት መስመር ደብዳቤ ሰጠኝ። ዲግሪዋ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ዲግሪ ነው፣ የወሰደቻቸው ኮርሶች በትራንስክሪፕቷ ላይ ተዘርዝረዋል፣ ይላል። አራት መስመር ነው፤ ግን የእኔን 3 ገጽ ለቅሶ ያስንቃል።

የወረዳው መልስ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። «የአመልካቿ ዲግሪ በባዮሎጂ ማስተማር ባለመሆኑ» ይላል። ጋሼ አንብበው ሳቁ። «ማስተማር» የሚለው ቃል ማስታወቂያው ላይ የለም። ሰው ከተመዘገበ በኋላ የተጨመረ መስፈርት ነው። ያንን ደግሞ ራሳቸው ፈርመውና ማኅተም መትተው ሰጡኝ። በቃል እየነገሩ ቢያመላልሱኝ ኖሮ ምንም ማስረጃ አልነበረኝም።

ዞኑ የወረዳውን ውሳኔ አጸና። አንብበውት መሆኑን እጠራጠራለሁ። የክልሉ ሲቪል ሰርቪስ ግን አነበበው። የተቀበለኝ ባለሙያ ፎቶውንና ደብዳቤውን ጎን ለጎን አስቀምጦ በእስክሪብቶ ጫፍ ቃል በቃል አመሳከረ። ብዙም አልጠየቀኝም። ውሳኔው መስፈርቱ ከምዝገባ በኋላ ሊቀየር ስለማይችል ወደ ውድድሩ ትመለስ የሚል ነበር።

ፍርድ ቤት መሄድም አስቤ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብት ይሰጣል። የፌዴራል ተቋም ቢሆን ደግሞ ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲመረመር መጠየቅ የሚያስችል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1183/2012። የእኔ ጉዳይ የክልል ነው። ጋሼም «መጀመሪያ የቅሬታውን ደረጃ ጨርሺ፤ ሳትጨርሺ ብትሄጂ ጨርሰሽ ነይ ነው የሚሉሽ» አሉኝ። ሳያስፈልገኝ ቀረ።

ሁሉን አሸነፍኩ ማለት ግን አይደለም። የግል ትምህርት ቤት የ4 ዓመት ልምዴ አልተያዘም። የግል ልምድ እንዲያዝ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ግብሬን አልከፈለም ነበር። ደሞዜን በፖስታ ስቀበል አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። በዚህ ላይ አልተከራከርኩም፤ ምን ይዤ? አሁን በግል ለሚሠሩ ልጆች መጀመሪያ የምነግራቸው ይሄንን ነው።

አብራኝ የተጣለች ጓደኛም ነበረችኝ። እሷም ዲግሪና ፒጂዲቲ አላት፤ ያመለከተችው ግን ለታችኛው ክፍል ነው። እዚያ የተጠየቀው የመምህራን ኮሌጅ ዲፕሎማ ነበር። «የእኔ ከዲፕሎማ ይበልጣል» ብላ ተከራከረች። ተሸነፈች። ያኔ ሁለታችንም በጣም ተናደድን።

ዓመት አልፎ ስለ ሕንድ አንድ ዜና አነበብኩ። እዚያም ይሄው ክርክር ከራጃስታን ተነስቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ መመሪያ ቢኤድ የተባለ የማስተማር ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ከ1ኛ እስከ 5ኛ ክፍል እንዲያስተምሩ ፈቅዶ ነበር። ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. አይሆንም አለ። ቢኤድ ለትልልቅ ልጆች ማስተማሪያ ነው፤ ሕፃናትን ማስተማር የራሱ ሥልጠና አለው፤ የዲግሪው ከፍ ማለት ያንን አይተካም ነው ያለው። አንብቤ ለጓደኛዬ ደወልኩላት። «እውነታቸውን ነው» አለችኝ። እሷ ያኔ ልጇን ፊደል እያስቆጠረች ነበር። እኔም ብሆን ስለበለጥኩ አይደለም ያሸነፍኩት። የተጠየቀውን ስላሟላሁ ነው። የመጀመሪያው አቤቱታዬ ግን ሙሉ በሙሉ «እበልጣለሁ» የሚል ነበር።

ውሳኔው ሲደርስ ሌሎቹ ተፈትነው፣ ተቀጥረው፣ ማስተማር ጀምረው ነበር። እኔን አንድ ክፍል ውስጥ ለብቻዬ ፈተኑኝ። ፈታኙ ቆሎ እየበላ ነበር፤ «ብዪ» አለኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ወሰድኩ። ውጤቴ ተጠባባቂ አደረገኝ። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምትም አለፈ። ኅዳር ላይ አንድ የባዮሎጂ መምህር ዝውውር አግኝቶ ሲሄድ ተጠራሁ።

ደብዳቤዬን ልቀበል ሰው ሀብት ገባሁ። ያቺው ሠራተኛ ነች። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ፣ ከልቧ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ፋይሌን ከፈተችና ቀና አለች።

«ኦሪጅናሉስ?»