የአራኩ ተራሮች፦ ኑግ፣ ዳጉሳና ቡና በሕንድ አገር

ሕንድ ተምሮ የመጣ ሰው ስለ አገሩ ሲጠየቅ ሙቀቱን፣ የሰዉን ብዛትና የምግቡን ቅመም ያነሣል። ከተማ ለከተማ ለኖረ ሰው እውነቱ እሱ ነው። እኔን ግን ከሕንድ ጋር ያላመደኝ ተራራው ነው። ጎጃም፣ መራዊ አካባቢ ከገበሬ ቤት ተወልጄ ያደግሁ ነኝና፣ ቪሳካፓትናም (በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት ያለች፣ ባጭሩ ቫይዛግ የምንላት የወደብ ከተማ) ገብቼ በባሕሩ ወበቅ ስጨነቅ ከርሜ፣ አንድ ቀን የአራኩ ሸለቆ ላይ ወጥቼ ቀዝቃዛ አየር ስስብ እፎይ አልኩ። ስለዚያ አካባቢ በአማርኛ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ እኔ ልጻፍ።

አንድራ ዩኒቨርሲቲ በ1926 የተመሠረተ አንጋፋ ተቋም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ብዙ የኢትዮጵያ መምህራን ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩት እዚያ ነው። እኔም የሄድኩት ለሦስተኛ ዲግሪ ሲሆን የጥናቴ ርእስ የገጠር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። አብራኝ የምትማር አንዲት ልጅ የተወለደችው እዚያው ተራራ ላይ፣ ከባጋታ ብሔረሰብ ነው። «መጽሐፉን ተይውና ነይ፣ እናቴ ቤት እናድራለን» አለችኝ። በዚሁ ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር መንገዴ ወደዚያው ሆነ።

ጉዞው በባቡር ነው። ማለዳ ከቫይዛግ የሚነሣው የኪራንዱል ባቡር ሜዳውን ጨርሶ የምሥራቅ ጋትስ ተራሮችን መውጣት ሲጀምር፣ ከአንዱ ዋሻ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። በመስመሩ ላይ 58 ዋሻዎች አሉ። መስመሩ የተዘረጋው በ1960ዎቹ፣ በጃፓን ትብብር፣ ከባይላዲላ ተራሮች የሚወጣውን የብረት ማዕድን ወደብ አድርሶ ወደ ጃፓን ለመጫን ነው። ዛሬም በመንገዱ ብዙ የሚያጋጥማችሁ ቀይ አቧራ የለበሰ ረጅም የጭነት ባቡር ነው። ይህን ያህል ተራራ የተበሳው ለማዕድኑ እንጂ ለነዋሪው አልነበረም። ቆይቼ ሕዝቡ በእግሩ የሚሄድባቸውን መንገዶች ሳይ ይህ ነገር ደጋግሞ ይከነክነኝ ጀመር።

አራኩ ያለበት አውራጃ ራሱን ችሎ የቆመው በሚያዝያ 2022 ነው። ስሙም አሉሪ ሲታራማ ራጁ ተባለ፤ ዋና ከተማው ፓዴሩ ነው። ሲመሠረት ስፋቱ ከ12,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሕዝቡም በ2011 ቆጠራ ሲሰላ 950,000 ገደማ ነበር። ከአሥር ሰው ስምንቱ በሕንድ ሕግ የጎሳ ማኅበረሰብ ከሚባሉት ወገን ነው፦ ባጋታ፣ ቫልሚኪ፣ ኮንዳ ዶራ፣ ኮቲያ፣ ፖርጃ፣ ጋዳባ፣ ኮንድ እና ሌሎችም። የመንግሥት ቋንቋው ቴሉጉ ቢሆንም ወደ ጎረቤቱ ግዛት ወደ ኦዲሻ ድንበር ስትጠጉ ሌሎች ቋንቋዎችም ትሰማላችሁ።

የአውራጃው ስም የተወሰደለትን ሰው ታሪክ የጓደኛዬ አጎት ሲነግሩኝ የእኛን አርበኞች ታሪክ የምሰማ ነበር የመሰለኝ። እንግሊዞች በ1882 ባወጡት የደን ሕግ ሕዝቡ በጫካው እንዳያርስ፣ እንጨት እንዳይለቅም፣ ከብት እንዳያሰማራ ከለከሉ። በዚያ ላይ መንገድ ሥሩ እያሉ ያለ ክፍያ አስገድደው ያሠሩት ነበር። አሉሪ ራሱ የጎሳው ተወላጅ ባይሆንም ከሕዝቡ ጋር ኖሮ በ1922 አመፁን መራ። ጦርና ቀስት የያዙ ሰዎች የፖሊስ ጣቢያዎችን እየሰበሩ ጠመንጃ ታጠቁ፤ ትግሉ እስከ 1924 ዘለቀ። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር እንግሊዞች አሉሪን ይዘው ዛፍ ላይ አስረው ተኩሰው ገደሉት። ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። አጎትየው ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ በዚያ ቤት አሉሪ እንደ ሩቅ ዘመን ሰው አይወራም።

አሁን ወደ እርሻው ልምጣ። ክረምታቸው አልፎ ጥቅምትና ኅዳር ሲገባ የአራኩ ሜዳ በሙሉ ቢጫ ይሆናል። ከሐይደራባድና ከቫይዛግ የሚመጣው ጎብኚ ልጆቹን አበባው መሐል አቁሞ ፎቶ ያነሣል፤ ማሳው የማን እንደሆነ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። እኔ ከመኪና ወርጄ ገባሁና አንዱን ራስ ቀጥፌ በጣቴ አሸሁት፤ ሽታው አልጠፋኝም። ኑግ ነበር፣ የራሳችን ኑግ። የሚዘራው እንደኛው ነው፣ ደረቅ ባለ ቀላል መሬት ላይ፤ ሲደርስ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ተወቅቶ ለዘይት ይሸጣል። ከሕንድ ወደ ውጭ የሚላከው ደግሞ ብዙው ለወፍ መኖ ነው። በጾም ኑግ ቆልታ የምትወቅጥ እናት ያለችው ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ታውቁታላችሁ።

ከኑጉ አለፍ ሲል ዳጉሳ አለ። ጓደኛዬ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚቀርበው አምባሊ ከዳጉሳ ዱቄት የሚሠራ፣ አድሮ ትንሽ የኮመጠጠ ቀጭን አጥሚት ነው። እናትየው በቅል ቀድተው ሰጡኝና እየጠጣሁ ሳለሁ፣ እኛ ዘንድ ይህ እህል እንጀራም ጠላም አረቄም እንደሚሆን በልጃቸው በኩል ነገርኳቸው። ጠላው ላይ ሲደርስ ደጋግመው አስተረጎሙኝ፤ ጌሾው ምን ዓይነት ቅጠል እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። ሁለቱም እህሎች ከእኛው ደጋ ተነሥተው በጥንት ዘመን ባሕር የተሻገሩ መሆናቸውን የዕፅዋት ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ዳጉሳውን ከኡጋንዳ ጋር ብንካፈለውም። እናትየው ግን ይህን ስነግራቸው አልተገረሙም። «እህል እግር አለው፣ ልጄ» አሉኝ።

ሦስተኛው ቡና ነው። ወደ ሕንድ የገባው በየመን በኩል ነው፤ ባባ ቡዳን የሚባሉ የሙስሊም መንፈሳዊ ሰው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰባት ፍሬ ይዘው ወደ ካርናታካ እንደገቡ ይተረካል። በአራኩ ተራሮች የተስፋፋው ግን በቅርብ ነው፤ እንግሊዞች ቀድመው ቢሞክሩትም የመንግሥት የደን ሰዎች በሰፊው ማስተከል የጀመሩት ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። ዓላማው ቡና ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ ጫካ መንጥሮና አቃጥሎ ጥቂት ዓመት ካረሰ በኋላ ወደ ሌላ ቁልቁለት የሚሸጋገርበት ፖዱ የሚባል ልማድ ነበረው፤ ተራራው እየተራቆተ ሄደ። ቡና ጥላ ይፈልጋል፣ ጥላ ዛፍ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቡና ያለው ገበሬ ዛፉን አያቃጥልም። ዛሬ ቁልቁለቱ በረጃጅም የሲልቨር ኦክ ዛፎች ተሸፍኗል፤ ግንዱን ቁንዶ በርበሬ ይጠመጠምበታል፣ ከሥሩ ቡናው አለ። ከአንድ ማሳ ቡናም ቁንዶ በርበሬም ይለቀማል። ጓሮው ላይ ደግሞ እርድና ዝንጅብል ይጨመራል። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ኤከር አይበልጥም፤ ግን ምን የመሰለ አያያዝ!

ድሮ ነጋዴው ከሜዳ ወጥቶ በክረምት ብድር ይሰጥና በመኸር ምርቱን በፈለገው ዋጋ ይወስድ ነበር። ይህን ለመስበር ነው በ1956 መንግሥት ጊሪጃን የሚባለውን የኅብረት ሥራ ኮርፖሬሽን ያቋቋመው፤ ማሩን፣ ሙጫውን፣ ቡናውን ይገዛል፣ ጨውና ሩዝ በሱቆቹ ያቀርባል። ኋላም የገበሬዎች ማኅበራት እሸት ቡናውን በለቀሙበት ቀን ተረክበው ራሳቸው እየፈለፈሉና በማድረቂያ አልጋ ላይ እያደረቁ መሸጥ ጀመሩ። የአራኩ ቡና በ2017 ፓሪስ ላይ በስሙ ካፌ ተከፈተለት፤ በ2019 ደግሞ የአራኩ ሸለቆ አረቢካ ተብሎ የመልክዓ ምድር መለያ የሕግ ጥበቃ አገኘ፤ ሌላ ቦታ የበቀለ ቡና በዚህ ስም አይሸጥም ማለት ነው። ነጋዴው ጨርሶ አልጠፋም፤ ለሠርግ፣ ለሕክምና ድንገት ብር የቸገረው ሰው አሁንም እሱ ዘንድ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን እጅግ ያስደነቀኝ የመሬቱ ሕግ ነው። በ1970 በወጣ ደንብ መሠረት በእነዚህ ተራሮች መሬት ከጎሳው ተወላጅ ውጭ ለሆነ ሰው አይሸጥም፣ አይተላለፍም። በ1997 ደግሞ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳማታ በሚባለው ማኅበር በተከሰሰ ጉዳይ ላይ፣ መንግሥት ራሱ በዚህ መሬት ለግል ኩባንያ የማዕድን ፈቃድ መስጠት እንደማይችል ወሰነ። ክርክሩ የተነሣው እዚያው ቦራ በሚባለው የተፈጥሮ ዋሻ አካባቢ ካሉ መንደሮች ነው። በተወላጅ ስም ተከልሎ ሌላ ሰው የሚነግድበት የእንግዳ ማረፊያ መኖሩን ሰዎቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ ሕጉ ቀዳዳ አለው። ቢሆንም ያ ሕግ ባይኖር፣ ቡናው ዋጋ ባወጣ ማግስት ገበሬው በገዛ ማሳው የቀን ሠራተኛ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ለጥናቴ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ ማኅበሩም ዋጋውም የቆሙት መሬቱ በገበሬው እጅ ስለቀረ ነው።

ኑሯቸው ተመችቷል ማለቴ ግን አይደለም። ከፓዴሩ ወዲያ ባለ አንድ ቀበሌ ስንወጣ አራት ሰዎች ሲሮጡ አገኘን። ረጅም የቀርከሃ ዘንግ በትከሻቸው ላይ ነው፤ ከዘንጉ በታች ብርድ ልብስ ሁለት ጫፉ ታስሮ ተንጠልጥሏል፣ ውስጡ ነፍሰ ጡር ሴት አለች። አማቷ ከኋላ ጃንጥላ ይዛ በባዶ እግሯ ትከተላለች። ዶሊ ይሉታል። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ሁለቱ ውኃ ውስጥ ገብተው ዘንጉን ከፍ አድርገው ያዙ፣ ሁለቱ ከዳር ተቀበሉ፤ ሴትዮዋ የዘንጉን አንድ ጎን በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፍናለች። አምቡላንሱ የሚጠብቀው ጥርጊያው የሚያልቅበት ቦታ ነው። ቃሬዛ በሰው ትከሻ ሲሄድ እያየሁ ያደግሁ ነኝና ቆሜ አለቀስኩ። ጓደኛዬ ማታ ስልክ ደውላ በሰላም መገላገሏን ሰማን። ወደ አንዳንድ ቀበሌ የሞተር ብስክሌት አምቡላንስ ገብቷል፣ መንገድም እየተሠራ ነው። ግን ያን ሁሉ ዋሻ የበሳ አገር ለእነዚህ መንደሮች ጥርጊያ መሥራት አያቅተውም ነበር።

ሌላም መከራ ነበረባቸው። እነዚያ ጫካዎች ለብዙ ዓመታት የማኦኢስት (የኮሚኒስት ሽምቅ ተዋጊ) ታጣቂዎችና የፖሊስ መዋጊያ ነበሩ፤ በ2018 የአራኩ የምክር ቤት ተመራጭ በታጣቂዎች ተገድለዋል። ማታ ታጣቂ መጥቶ ራት ብሎ የሄደበት ቤት ጠዋት ፖሊስ ይጠይቀዋል። «ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ተረታችን እንዲህ ባለ ሰው ላይ ሲደርስ ያማል።

አንድ ማታ እናትየው ከማሳቸው የደረቀ ቡና አመጡና «በአገርሽ ሥርዓት አሳዪን» አሉኝ። በዚያ ቤት የሚጠጣው ሻይ ነው፤ ቡናው ለሽያጭ ነው። በብረት ድስት ቆላሁት፣ በሙቀጫ ወቀጥኩት፣ ጀበና ስላልነበረ በማንቆርቆሪያ አፈላሁት። ጎረቤቱን የቡናው ሽታ ጠርቶት መጣ። አንድ ሽማግሌ አንደኛውን ጠጥተው ሲያበቁ ስለ ጣዕሙ ምንም ሳይሉ ጠየቁኝ፦ «አገርሽ ያለው ገበሬ ለአንድ ኪሎ እሸት ስንት ያገኛል? ብድሩን ከማን ነው የሚወስደው? መሬቱስ የማን ነው?» እስከ እኩለ ሌሊት የቆየነው በዚህ ወሬ ነው። ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን እዚያው አገራችን ውስጥ እኛው ራሳችን እንደምንጠጣው ስነግራቸው፣ ይህኛው በጣም ደስ አላቸው። «እንግዲያ ነጋዴው ባይመጣም አይጨንቃችሁም» አሉ።

ቫይዛግ ያላችሁ ልጆች፣ በተለይ ከገጠር የመጣችሁ፣ ዕረፍታችሁን ባሕር ዳር ብቻ አታሳልፉት። በጥቅምት ወይም በኅዳር በማለዳው ባቡር ውጡ፤ ኑጉን ታገኙታላችሁ፣ የቡናው ለቀማም የሚጀምረው ያኔ ነው። ጋቢ አትርሱ፤ በታኅሣሥና በጥር ላምባሲንጊ ወደሚባለው መንደር ከዘለቃችሁ ብርዱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። የሳምንት ገበያቸው የሚውልበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሳንታ ነው የሚሉት። ማርና ቁንዶ በርበሬውን ከመንገድ ዳር ሳይሆን ከማኅበሩ ሱቅ ወይም ከራሷ ከገበሬዋ ግዙ። ሰው ቤት ከገባችሁ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ አምባሊ ከቀረበላችሁም ጠጡ፣ ዳጉሳ ነው።