ያልተሰካው ጆይስቲክ

እናቴ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሳሎን ገብታ ስነፋረቅ አገኘችኝ። ሰው የሞተ መስሏት እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ። «ማነው? ንገሪኝ፣ ማነው?» አለች። ጌም ነው አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን አየች። ከዚያ «አይ አንቺ ልጅ!» ብላ አምፖሉን አጥፍታብኝ ወደ መኝታዋ ተመለሰች።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። እሷ ግን አሁንም ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ታወራዋለች። ቡና እየተጠጣ «ይቺ እኮ ለካርቱን ታለቅሳለች» ስትል ሁሉም ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ለምን እንዳለቀስኩ ግን ለማንም በደንብ አስረድቼ አላውቅም። ዛሬ እሑድ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው፣ የትም አልሄድም። እስኪ ልሞክረው።

ጌሟ «ብራዘርስ» ትባላለች። እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ስታርብሪዝ የሚባል የስዊድን ስቱዲዮ ነው የሠራት። ሥራውን የመራው ጆሴፍ ፋሬስ ነው፤ ቤይሩት ተወልዶ፣ በሊባኖስ ጦርነት ጊዜ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ስዊድን የተሰደደ፣ ከጌም በፊት ፊልም ይሠራ የነበረ ሰው። «ኢት ቴክስ ቱ»ም የሱ ናት፤ በ2021 የዓመቱ ምርጥ ጌም የተባለችው። ብዙዎቻችሁ በሷ ታውቁት ይሆናል። «ብራዘርስ» ግን ትንሽ ናት፣ ከሦስት አራት ሰዓት አታልፍም። እኔም ያስጫንኳት ለዚሁ ነው። ሃርድ ዲስኬን ይዤ ጌም የሚጭን ልጅ ጋ ሄጄ «ቀለል ያለች፣ ባንድ ቀን የምታልቅ ስጠኝ» አልኩት። ቀለል ያለች!

ታሪኩ ተረት ነው። አባት ታሟል። ሁለት ልጆቹ ከሕይወት ዛፍ ውሃ ሊያመጡለት መንገድ ይጀምራሉ። እናታቸው ባሕር ውስጥ ሰጥማ ነው የሞተችው፣ ትንሹ ልጅ እያየ። ስለዚህ ትንሹ ውሃ ይፈራል። መዋኘት ባለበት ሁሉ ትልቁ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ነው የሚሻገረው። የሚያወሩት ቋንቋ የፈጠራ ነው፣ ማንም አይገባውም፣ ከሥር የሚጻፍ ትርጉም እንኳን የለም። ግን ትንሹ ሲያኮርፍ ይታወቃል፣ ትልቁ ሲቆጣም ይታወቃል። ወንድም ያለው ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ዋናው ነገር አጨዋወቱ ነው። ሁለቱንም ልጆች የማንቀሳቅሰው እኔው ነኝ፣ ባንድ ጆይስቲክ። የግራ አውራ ጣቴ ትልቁን ያስኬዳል፣ የቀኙ ትንሹን። የግራው ቃታ የትልቁ እጅ ነው፣ የቀኙ ቃታ የትንሹ። በቃ። መጀመሪያ ላይ ያስቃል። ትልቁ ግድግዳ ሲገጭ ትንሹ ባዶ ሜዳ ላይ ይሽከረከራል። አንዱ እጅሽ ቡና እየቆላ ሌላው ሽንኩርት ክተፍ እንደተባለ ማለት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ማሰብ ተውኩ። የግራ እጄ በቃ ትልቁ ልጅ ሆነ።

ከዚያ ትልቁ ይሞታል። (ገና ልጫወታት ነው የምትሉ እዚህ ጋ አቁሙ። አሥር ዓመት ያለፋት ጌም ናትና ይቅርታ አልጠይቅም።) ዛፉ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ይወጋል። ትንሹ ብቻውን ዛፉን ወጥቶ፣ ውሃውን ቀድቶ፣ እየሮጠ ሲመለስ አልፎ ያገኘዋል። ፊልም ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ስክሪኑ ይጠቁርና ከመቃብሩ አጠገብ እንነቃ ነበር። እዚህ ግን ሬሳውን ጎትቼ ጉድጓድ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አፈሩንም የመለስኩት እኔው። ባንድ በኩል ገፋሁ፣ ዞሬ በሌላው በኩል ገፋሁ። ሁሉም በቀኝ እጅ። የግራ አውራ ጣቴ ግን ከቦታው አልተነሳም። ማንም የሌለበትን ነገር ወደፊት እየገፋ ነበር።

አፈሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ።

ወላሂ አልዋሽም። ያረጀ ዴስክቶፕ ነው ያለኝ፣ ዩፒኤስ የለውም። ጨለማ ውስጥ ጆይስቲክ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ጎረቤት ውሻ ይጮሃል፣ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው «ሻማ የት ነው ያለው?» ይላል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ መብራቱ መጣ። ጌሙ ወደ ኋላ መልሶ ከመቃብሩ በፊት አስጀመረኝ። ስለዚህ ሁለቴ ቀበርኩት። መጀመሪያው ላይ አላለቀስኩም ነበር፣ ሁለተኛው ላይም እንደምንም አመለጥኩ።

ያላመለጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ቤት መንገድ ላይ ውሃ አለ። ይዘንባል። ትንሹ ዳር ደርሶ ይቆማል። የሱን ቃታ ተጫንኩ፣ እንቢ አለ። ደጋግሜ ተጫንኩ፣ እንቢ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ግራውን ተጫንኩት። የሞተውን ልጅ ቃታ። ገባና ዋኘ።

እናቴ የደረሰችው እዚህ ላይ ነው።

ጌም ከፊልም የሚለየው በምኑ ነው ሲሉኝ ብዙ ጊዜ «ምርጫ ስላለው» እያልኩ አልፋለሁ። ውሸቴን ነው። «ብራዘርስ» ውስጥ ምንም ምርጫ የለም፣ ልጁ ይሞታል፣ አለቀ። የሚለየው እጅሽ ስለተነካካ ነው። ሙዚቃውን እያስጮኸ «በይ አሁን አልቅሺ» የሚለኝን ጌም አልወደውም፣ በተለይ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ያበዙታል። በገዛ እጄ አንድ ነገር አስደርጎኝ ዝም የሚለኝ ነው የሚከተለኝ።

ለምሳሌ «ዲስ ዋር ኦቭ ማይን»። የፖላንዶቹ 11 ቢት ስቱዲዮስ በ2014 ነው ያወጡት። ጦርነት ነው፣ ግን ወታደር አትሆኚም። የተከበበ ከተማ ውስጥ፣ የፈራረሰ ቤት ውስጥ የተጠለሉ ጥቂት ሰዎችን ነው የምታኖሪው። መነሻው ከ1992 እስከ 1996 የቆየው የሳራዬቮ ከበባ ነው። ቀን ቀን ምድጃ ትሠሪያለሽ፣ አልጋ ትሠሪያለሽ፤ ሌሊት አንዱን ሰው ልከሽ የሚበላ ነገር ይፈልጋል። በ2020 የፖላንድ መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚነበቡት መጻሕፍት ተርታ አስገባዋለሁ ሲል ብዙ ሰው ስቋል። እኔ አልሳቅኩም።

በስልኬ ነበር የተጫወትኩት፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ። ብሩኖ ታሞብኝ ነበር፣ ምግብ አብሳዩ። ሯጩን ፓቭሌን ላክሁት። የገባበት ቤት ሁለት አሮጊትና ሽማግሌ ብቻቸውን የሚኖሩበት ነው። ሽማግሌው አልመቱኝም፣ አልጮሁብኝም። ከኋላ ከኋላዬ እየተከተሉ ለመኑኝ። መድኃኒቱን ወሰድኩ። ምግቡንም ወሰድኩ፣ መቼም ከገባሁ አይቀር ብዬ። ብሩኖ ዳነ፣ ፓቭሌ ግን አንገቱን ደፍቶ ዋለ። ቀና ስል ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ፌስታል የያዙ አዛውንት ቆመዋል። ቦታዬን ለቀቅኩላቸው። «ተባረኪ ልጄ፣ እጅሽን አይንሳሽ» ብለው መረቁኝ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የዚያን ቀን እጄን ባልመረቁት እንዴት ደስ ባለኝ።

«ዛት ድራገን፣ ካንሰር»ን ደግሞ ጨርሼው አላውቅም። ራያንና ኤሚ ግሪን የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ስለ ልጃቸው ስለ ጆኤል የሠሩት ነው። ልጁ በ2014 በካንሰር አረፈ፣ ጌሙ በ2016 ወጣ። አንድ የሆስፒታል ሌሊት አለ። ልጁ ያለቅሳል፣ አባትየው ያባብላል። የሚነካውን ሁሉ ነካሁ። የሚጠጣ ሰጠሁት፣ አስመለሰው። አቀፍኩት። አያቆምም። ዘጋሁት። እኔ ዘጋሁት፣ ወላጆቹ መቼ መዝጋት ቻሉ?

እሺ። እስካሁን የቀባጠርኩት ሁሉ ወንድሜን ላለማንሳት ነው።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ሰፈራችን አንድ ጌም ቤት ነበረ፤ በቆርቆሮ የተሠራ፣ አራት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ የካልሲ ሽታ። ሴት ልጅ አትገባበትም። እኔ የገባሁት እናቴ «እሷን ይዘህ ካልሆነ አትወጣም» ስላለችው ነው። ትልልቆቹ ዊኒንግ እየተጫወቱ በየጎሉ ይሰዳደባሉ። እሱ ከኔ ጋር ሲሆን ጥግ ያለችውን ቴሌቪዥን ይዞ «ክራሽ» ያስከፍታል። ያንን ብርቱካናማ ቀዥቃዣ፣ ሣጥን እየሰበረ የሚሮጠውን። «አንቺ ተጫወቺ፣ እኔ አያለሁ» ብሎ ጆይስቲኩን ይሰጠኛል፤ እጆቹን ሹራቡ ሥር ከትቶ አጠገቤ ይቀመጣል። ይበርደዋል ብዬ ነበር የማስበው። «አሁን ዝለይ!» ሲለኝ እጫናለሁ፣ ክራሽ ይዘላል። «አሁን!» ይዘላል። ገደል ሲገባ «ዘገየሽ» ይለኛል። አንዳንድ ቀን በጣም ጎበዝ ነበርኩ፣ ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ ገደል ብቻ ነው፤ አሥር ጊዜ ወድቄ አሥር ጊዜ ያስጀምረኛል፣ አይቆጣም።

ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን አንድ ልጅ የጆይስቲኬን ገመድ ተከትሎ ጫፉን ከመሬት አንስቶ ዓይኔ ሥር ደቀነው። የትም አልተሰካም። ጌም ቤቱ ባንድ ላይ ሳቀ። ሌላው ጆይስቲክ የወንድሜ ሹራብ ሥር ነበር። ሁለት ቀን አላናገርኩትም። በሦስተኛው ቀን ትራሴ ሥር ደስታ ከረሜላ አገኘሁና ታረቅን፣ ጌም ቤት ግን ዳግም አልረገጥኩም።

በኛ አቆጣጠር በ2002 ዲቪ ደርሶት ሄደ። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር አባታችን አረፈ። የቲኬት ብር ከየት ይመጣል? መርዶውን የነገሩት እዚያ ያሉ የሰፈራችን ልጆች ናቸው፣ ማለዳ ቤቱ ሄደው። እዚህ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጭቃው ላይ እናቴን ባንድ እጄ ደግፌ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ዘመዱ ሁሉ «ወንድምሽ ቢኖር» ይለኝ ነበር። አፈር ሲመለስ የግራ እጄን ምን እንደማደርገው አላወቅኩም፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ይህን የማስታውሰው አሁን ነው፣ «ብራዘርስ»ን ከተጫወትኩ ወዲህ።

እሱ ደህና ነው። አግብቷል፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ሌሊት ነው የሚሠራው። በበዓል በበዓል ይደውላል። «ሁሉ ሰላም?» «ሁሉ ሰላም።» «ብሩ ደረሳችሁ?» «ደረሰን።» እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ።

እናቴ ስነፋረቅ ባገኘችኝ ማግስት ደወልኩለት። እኛ ጋ ማታ ነው፣ እሱ ገና ከእንቅልፉ መንቃቱ ነበር። በዓል ስላልሆነ ደነገጠ። «እማዬ ደህና ናት?» አለኝ። ደህና ናት አልኩት። ክራሽን ታስታውሰዋለህ?

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ፣ ያንን በአፍንጫው የሚስቀውን ሳቅ። «ሚጢ፣ እስከ ዛሬ ቂም ይዘሻል?»

ያልተሰካ ጆይስቲክ ሰጥተኸኝ ደግሞ ዘገየሽ ትለኝ ነበር አልኩት።

«አንዳንድ ቀን እኮ እሰካልሽ ነበር» አለኝ። «የኔን ነቅዬ።»

ውሸታም፣ መቼ?

«ገደል ብቻ የሆነ ቀን» አለ።