«አንድ ጠብታ አያፈስም እኮ»

ባሕር ዳር ጀልባ ስንጠግን ከሚያስቸግሩን ብልሽቶች ናፍጣ የሚያፈሰው ቀላሉ ነው፤ ሽታው ያሳብቀዋል። ይሄኛው ግን አያፈስም።

ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚያመላልስ የናፍጣ ጀልባ ነው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል፤ ሐይቁ መሃል ሲደርስ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይልና ይጠፋል። በእጅ ፖምፓ ሲገፉለት ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ጣና ከሰዓት ነፋስ ሲነሳበት ሞተር አልባ ጀልባ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከእኛ በፊት ያየው መካኒክ ፊልትሮ ቀይሮ መጋጠሚያውን ሁሉ በሲሊኮን ለስኖታል፤ ቡሎኑ እንኳ አይታይም። ካፒቴኑ «አንድ ጠብታ አያፈስም እኮ ጋሼ፣ ቱቦው ደህና ነው» አለ።

«ምነው ባፈሰ!» አሉት አለቃዬ።

ከሰርባቶዮ፣ ከናፍጣው ማጠራቀሚያ ማለት ነው፣ እስከ ማቀበያ ፖምፓው ድረስ ናፍጣ የሚሄደው ተስቦ ነው። እዚያ መስመር ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ ከመውጣት ይልቅ አየር ይገባል። ከፖምፓው ወዲያ ያለው በግፊት ስለሚሄድ ትንሿ ቀዳዳም ታፈሳለች። አየር ደግሞ ይታመቃል እንጂ፣ እንደ ናፍጣ ሆኖ ነዳጅ የሚረጨውን አፍ፣ ኖዝሉን፣ አይከፍትም። በዚያ ላይ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ለመሳብ የሚያግዘው የአየር ግፊት እንደ ጅቡቲ ወደብ አይደለም።

ከፖምፓው በፊት ክንድ የሚያህል ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ አስገብተን ሞተሩን አስነሳን፣ ባትሪ አበራንበት። መጀመሪያ ጠራ ያለ ነበር። ቆይቶ ጤፍ የሚያካክሉ አረፋዎች ተከታትለው ማለፍ ጀመሩ፤ ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው በዙ። መሳቢያውን ነቅለን በቀጥታ ጀሪካን ውስጥ ስንከት አረፋው ጠፋ። እንግዲያው ጥፋቱ ወደ ሰርባቶዮው በኩል ነው።

ሲሊኮኑን በቢላ ልጠን ስናነሳው፣ ውኃን ከናፍጣ የሚለየው ዕቃ መግቢያ ላይ ፋሼታው፣ ማጥበቂያ ቀለበቱ፣ የጎማ ቱቦውን በልቶት፣ ከሥሩ ጥፍር የማታስገባ ስንጥቅ ተገኘች። ተራ ሲሊኮን ናፍጣ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይላቀቃል፤ ፊልትሮው ውስጥም ቁራጩን አገኘነው። ጠጋኝ ተብሎ ገብቶ መዝጊያ ሆነ ማለት ነው።

ቱቦውን ናፍጣ በሚችል ጎማ ለወጥን፤ የውኃ ጎማ ያብጣልና አይሆንም። ቡሎን ሥር የሚገቡትን የመዳብ ቀለበቶች፣ ሮንዴላዎቹንም ቀየርን። ሲቸግር አሮጌውን እስኪቀላ አግሎ ማቀዝቀዝ ያለሰልሰዋል፤ ለእኔ ግን ጀልባ ከማስጎተት አዲስ ሮንዴላ ይረክሳል። ከዚያ የፊልትሮውን ቡሎን ላላ አድርገን፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ በእጅ ገፋን። የወጣውን በጣሳ ተቀበልን፤ ሐይቅ ውስጥ የሚደፉትን ሳይ ደሜ ይፈላል።

ጀልባው እንደታሰረ ሞተሩ ማርሽ ገብቶለት ከሰዓቱን ሙሉ ሠራ፣ ድምፁ አልተዛባም። ካፒቴኑ አረፋ የሚያሳየው ቱቦ እንዲቀርለት ለመነ። አለቃዬ እምቢ አሉ፤ ሙቀት ያደርቀዋል፣ እሳት ቢነሳ ቀድሞ የሚቀልጠው እሱ ነው። ነቅለን ወሰድነው።