አፕሉ ላይ ቀጥ ያለው ስልክ፦ የአራት ምሽት ማስታወሻ

ስልክ እየነካካሁ መጠገን ከጀመርኩ ስምንት ወር ሞላኝ። እንጀራዬ ሒሳብ ነው። ቀን ደረሰኝ ሳገላብጥ እውላለሁ፤ ማታ የዘመድና የጎረቤት ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ ይደረደራል። አብረን የምንማማረው ልጆች «የተሳካልህን ብቻ እየመረጥክ አትንገረን» ስላላችሁኝ፣ የዚህን ወር ማስታወሻ ከነጉዱ ይዤ መጥቻለሁ።

ስልኩ የአክስቴ ነው። አይፎን 11፣ 64 ጂቢ። ልጇ ከዋሽንግተን የላከችላት። አንድ እሁድ ጠዋት «አዲስ አፕዴት መጥቷል» የሚል መልእክት አየች፤ ነካችው። ስልኩ ጠፍቶ በራ፣ አፕሉ (የአፕል ኩባንያ አርማ) መጣ፣ ከሥሩ ያለው መስመር ትንሽ ሄደና እዚያው ቀጥ አለ። ማታ ስደርስ ገና እዚያው ነበር። ጀርባው ይሞቃል።

«እዚህ ሰፈር ያለው ልጅ በ700 ብር ፍላሽ ላድርግልሽ ብሎኛል» አለችኝ።

«ፎቶዎቹስ?»

«ፎቶዎቹ ደግሞ ምን ይሆናሉ?»

ያኔ ገባኝ። ባክአፕ የሚባል፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ መጠባበቂያ የለም። የልጇ ሠርግ፣ መልሱ፣ አያቴ በሕይወት እያለች የተነሳነው የመጨረሻው የፋሲካ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያች የቆመች ስልክ ውስጥ ነው።

እኔ ደግሞ «ፍላሽ» (ስልኩን ጠርጎ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን) የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴ ይንቦጫቦጫል። በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ጎረቤታችን ጋሼ ያገለገለ አይፎን 8 ይዘውልኝ መጡ። ልክ እንደዚሁ አፕሉ ላይ የቆመ። ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ሁለት ምርጫ መጣ፤ «አፕዴት» እና «ሪስቶር»። ሪስቶር ማለት መመለስ ነው አይደል? ዕቃቸውን ይመልስልኛል ብዬ ሪስቶርን ተጫንኩ። ጠርጎ አወጣው። ብሶ ደግሞ ሲበራ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አፕል አይዲ (የአፕል አካውንት) ጠየቀ። ይህ መቆለፊያ ከ2013 ጀምሮ፣ ከአይኦኤስ 7 (የአይፎን ሲስተም) ወዲህ ያለ ነው። ስልኩ በባለቤቱ አካውንት ላይ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ቢደመሰስም የዚያን ሰው የይለፍ ቃል ካላስገቡለት ወይም ባለቤቱ ራሱ ከአካውንቱ ካላወጣው አይከፈትም። ጋሼ ከሰው ላይ የገዙት ነው፤ የሸጠላቸው ልጅ ስልክ ቁጥሩን ቀይሯል። ምንም አላሉኝም። «በቃ ይሁን ልጄ» ብለው ሄዱ። ስልኩ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ገመድ ከመሰካቴ በፊት እጠይቃለሁ። የመክፈቻ ቁጥሩን ታውቂዋለሽ? አፕል አይዲው የማን ነው፣ የይለፍ ቃሉስ? አክስቴ ቁጥሩን ታውቀዋለች። አይዲውን ግን ልጇ ናት የከፈተችላት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደወልንላት፤ እሷ ጋ ገና ከምሳ በኋላ ነው። «ኧረ እኔ ከረሳሁት ዓመት አልፎኛል!» አለች። ስለዚህ ሪስቶር የሚባለው በር ተዘጋ። ያለን አፕዴት ብቻ ነው። አፕዴት ሲስተሙን እንደገና ይጭናል እንጂ ፎቶና መልእክት አይነካም።

የመጀመሪያው ምሽት በሙሉ ያለቀው ስልኩን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ወደ ሪከቨሪ ሞድ (ኮምፒውተሩ ሲስተሙን እንዲጭንለት ወደሚጠብቅበት ሁኔታ) ለማስገባት ቁልፍ በመጫን ነው። አይፎን 8 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ ድምፅ መጨመሪያውን ነካ፣ ድምፅ መቀነሻውን ነካ፣ ከዚያ የጎኑን ቁልፍ ይዞ መቆየት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም ሁለቴ ተሳስቻለሁ። አፕሉ ሲመጣ እጃችንን እናነሳለን። መነሳት የለበትም። አፕሉ መጥቶ ሄዶ፣ የገመድና የኮምፒውተር ሥዕል እስኪወጣ መያዝ ነው። ሪከቨሪ ሞድ የመግባቱ ምልክት ያ ሥዕል ነው። (አይፎን 7 ላይ ድምፅ መቀነሻውና የጎኑ ቁልፍ አብረው ይያዛሉ፤ ከዚያ በፊት ባሉት ደግሞ የመሃሉ ክብ ቁልፍና ማብሪያው።)

ሥዕሉ መጣ። አፕዴትን ተጫንኩ። ኮምፒውተሩ ፋይሉን ማውረድ ጀመረ፤ ከ6 ጂቢ በላይ ነው። እኛ ቤት ባለው ኔትወርክ እሱን ማውረድ ሌሊቱን ይፈጃል። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ሥዕሉን ትቶ ወደ አፕሉ ተመለሰ። ገደልኩት ብዬ ደነገጥኩ። ኋላ ነው የተረዳሁት፤ ማውረዱ ከ15 ደቂቃ ካለፈ ስልኩ በራሱ ከሪከቨሪ ሞድ ይወጣል። ምንም አልሆነም ማለት ነው። ፋይሉ ወርዶ እስኪያልቅ ትቶ፣ ከዚያ ቁልፎቹን እንደገና መጫን ነው። እኔ ይህን አንብቤ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ።

በማግስቱ ፋይሉን ቢሮ በምሳ ሰዓት አወረድኩት። ፋይሉ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ የ11ን ለ12 ቢሰጡት አይቀበልም። ወደ 32 ጂቢ ፍላሽ ዲስኬ ልገለብጠው ስል «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» አለኝ። ያ ሁሉ ባዶ ቦታ እያለው! ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከ4 ጂቢ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይይዝም። ውስጡ ያለውን አውጥቼ ይህ ገደብ በሌለው በኤክስፋት ፎርማት አደረግኩት፣ ተገለበጠ። የአይቲዩንስ (ኮምፒውተር ላይ አይፎንን የሚያስተናግደው የአፕል ፕሮግራም) መጫኛውንም ጨመርኩበት። የኛን መብራት ስላላመንኩት ጄኔሬተር ያለው ሕንፃ ላይ ወደሚኖረው ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። አባቱ የሚጽፉበት ዴስክቶፕ አለ።

አይቲዩንስን ጫንኩ፣ ሺፍትን ይዤ አፕዴትን ተጫንኩ፣ ፋይሉን መረጥኩለት። ትንሽ ሄደና የአፕዴት ሰርቨሩን ማግኘት አልቻልኩም አለ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ለኔ ከሁሉም አዲስ የሆነብኝ ይህ ነው። ፋይሉ እጄ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ለምን ያስፈልጋል? ነገሩ እንደ ቢሮ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ተጽፎ ቢያልቅም ማኅተም ካላረፈበት አይሠራም። ኮምፒውተሩ የዚህን ስልክ መለያ ቁጥር ይዞ አፕል ሰርቨር ጋ ይሄዳል፤ «ይህን የሲስተም ቅጂ በዚህ ስልክ ላይ ልጫን?» ይላል። ሰርቨሩ ለዚያች ስልክ ብቻ የሚሆን ፊርማ ይሰጠዋል። ፊርማው ከሌለ ስልኩ ፋይሉን አይቀበልም። አዲስ ቅጂ ከወጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለአሮጌው መፈረም ያቆማሉ፤ «የድሮው ይሻለኝ ነበር፣ መልስልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ የማንችለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሰርቨሩ ጋ የማይደርሰው ለምንድነው? አንቲቫይረሱን አጠፋሁ። ሆስትስ የሚባለውን ፋይል ከፍቼ የአፕልን አድራሻ የሚዘጋ መስመር እንዳለ ፈለግኩ፤ ድሮ አሮጌ ቅጂ ለመጫን የሚሞክሩ ሰዎች እዚያ ይጨምሩበት ነበር። የለም። ከአንድ ሰዓት ልፋት በኋላ ተስፋ ቆርጬ ብሮውዘር ከፈትኩ። የትኛውም ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ዓይኔ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ጥጉ ሄደ።

ዓመቱ 2017 ይላል።

የጓደኛዬ አባት ናቸው። «ይሄ ኮምፒውተር የፈረንጅ ዘመን ነው የሚያሳየው ብዬ አስተካከልኩት» አሉ። ሰዓቱንም በኛ አድርገውታል፤ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ። እሳቸው ኢንተርኔት አይከፍቱም፣ ይጽፋሉ ብቻ፤ ስለዚህ አንድም ቀን ችግር አልገጠማቸውም። ሰርቨሮች ግን መታወቂያቸው ላይ የሚጸናበት ቀን አለ። ኮምፒውተሩ ራሱን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስላደረገ፣ ያ መታወቂያ ገና ያልተሰጠ ሆኖ ይታየዋል፤ አላምንም ብሎ ይዘጋዋል። ቀኑን ወደ 2025 መለስኩት። ሰርቨሩ በአንዴ ተገኘ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ስንወጣ ወደ 2017 እንድመልስላቸው ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው።

ሦስተኛው ምሽት፣ እዚያው ቤት፤ ቀኑን እንደገና አስተካክዬ ጀመርኩ። ማውጣት፣ ማረጋገጥ፣ ማዘጋጀት፣ ሁሉም አለፈ። ስልኩ ጠፍቶ በራ፣ መስመሩ ግማሽ ደረሰ፣ ከዚያ ቷ! 4013።

ቁጥር ያለው ስህተት ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ አድራሻ አለው። 4013 ከ9፣ ከ4005 እና ከ4014 ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በሥራው መሃል ስልኩና ኮምፒውተሩ ተለያዩ ማለት ነው። 3194 ቢሆን ኖሮ ተመልሼ ኔትወርኩንና ፊርማውን እጠረጥር ነበር። 14 እንዳይመጣ ግን እጸልይ ነበር፤ በጥገና ሰዎች ዘንድ ሜሞሪው ሞልቶ የቆመ ስልክ ምልክት ነው፣ ከእሱ ጋር መታገል ቀላል አይደለም።

ዱሮ ቢሆን ሁሉንም ባንዴ እቀይር ነበር። አሁን ደብተር አለኝ፣ አንዴ አንድ ነገር ብቻ ነው የምቀይረው። ደብተሬ ላይ ያለው እንዲህ ይላል። የኔ ገመድ፣ የፊት ቀዳዳ፤ 4013። የአክስቴ ኦሪጅናል ገመድ፣ የፊት ቀዳዳ፤ 4013፣ ግን መስመሩ ራቅ ብሎ ሄዷል። ኦሪጅናል ገመድ፣ የኋላ ቀዳዳ፤ አለፈ።

የዴስክቶፕ የፊት ቀዳዳ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው ውስጥ ባለ ቀጭን ሽቦ ነው፤ የኋላው ራሱ ቦርዱ ላይ ነው ያለው። የኔ ገመድ ደግሞ መንገድ ዳር የገዛሁት ነው። «ቻርጅ ያደርጋል እኮ!» እል ነበር። ቻርጅ ለማድረግ ሁለት ሽቦ ይበቃል፤ ዳታ በሌሎቹ ነው የሚሄደው። ኋላ በራሴ ስልክ ሞከርኩት። በደህናው ቀዳዳ ፎቶ ስገለብጥበት ሁለቴ ተቋረጠ። ቆርጬ ጣልኩት፣ ሌላ ሰው እንዳያነሳው።

የመቆለፊያው ገጽ ሲመጣ የልጅ ልጇ ፎቶ ከፊት ነበር። ለአክስቴ ደወልኩ። እልል አለች፤ ጎረቤት ምን መጣ ብሎ በሩን አንኳኳ።

አራተኛው ምሽት የጽዳት ነው። ከ64ቱ ጂቢ ነጻ የቀረው አንድ እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ ነገር፣ ምንም ሳልነካ ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ ባክአፕ አደረግኩ። ከዚያ ቴሌግራምን ከፈትኩ። የዕድር፣ የማኅበር፣ የዘመድ፣ የመዝሙር ግሩፕ፤ የተላከ ቪዲዮ ሁሉ ስልኩ ላይ ተከማችቷል፤ 19 ጂቢ። ከቴሌግራሙ ሴቲንግ ውስጥ የዳታና የማከማቻ ገጹ ላይ ካሹን (ስልኩ ላይ በጊዜያዊነት የተከማቸውን) ማጥፋት ነው። መልእክቶቹ አይጠፉም፤ ቪዲዮ ሲያስፈልጋት እንደገና ታወርዳለች። ከጋለሪ ያጠፋነው ደግሞ ወዲያው አይለቅም፤ በቅርብ የተሰረዙ የሚለው አልበም ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። እዚያም ገብቶ ማጥፋት ያስፈልጋል። አክስቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ «እሷን አታጥፋ፣ እሱን አጥፋ» ስትል አመሸን። የይለፍ ቃሉንም ከልጇ ጋር ቪዲዮ ላይ ሆነን ቀየርነው፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ገብቷል። (አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ከሚረሳ ይሻላል።)

ያልተሳካልኝም አለ። በዚሁ ወር የመጣ አይፎን 7 ላይም 4013 ወጣ። ገመድ ቀየርኩ፣ ቀዳዳ ቀየርኩ፣ ኮምፒውተር ቀየርኩ፣ ሲም አወጣሁ፣ ባትሪውን ሞላሁ፤ ሁሌም እዚያው ቦታ ላይ ያቆማል። ሁሉም ነገር ተቀይሮ ቁጥሩና የሚቆምበት ቦታ ካልተቀየሩ ነገሩ ከሶፍትዌር ያለፈ፣ የቦርድ ነው ብዬ አቆምኩ። ማይክሮስኮፕ ያለው ልጅ ጋ ወሰድኩት። ስድስት ጊዜ ከሞከርኩ በኋላ ነው ያቆምኩት፤ ሦስት ይበቃ ነበር።

የጋሼ አይፎን 8 ነገርም ተንቀሳቅሷል። ስልኩን የሸጠላቸውን ልጅ ታላቅ ወንድም ባለፈው ሳምንት ልቅሶ ቤት አገኘሁት። ልጁ አሁን አዳማ ነው የሚሠራው፤ አይዲውን ያስታውሰዋል፣ የይለፍ ቃሉንም እሞክራለሁ ብሏል። ስልኩን ከመሳቢያ አውጥቼ ቻርጅ ላይ አድርጌዋለሁ። ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ጠዋት በ1 ሰዓት እንነሳለን።