አዳሪ ነሽ ተመላላሽ?

ጃፓንኛ ስጀምር «ኢኩ» የምትባል ግስ ሁሉን ትሸፍንልኝ ነበር። መሄድ ማለት ናት። ገበያም፣ ሥራም፣ ሐኪም ቤትም በእሷ እሄዳለሁ። ቶኪዮ የቋንቋ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላም ለወራት ማንም አላረመኝም።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መምህራችን ስለ አንድ ጓደኛዬ ጠየቁኝ። ሰሞኑን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይመላለሳል ለማለት «ሃይሻ ኒ ኢቴ ኢማስ» አልኳቸው። ይህን ብዬ ሳልጨርስ ልጁ ቡናውን ይዞ ከች አለ። ለካ እንዲያ ሲባል የሚሰማው «ሄዷል፣ አሁን እዚያ ነው» ተብሎ ኖሯል። መምህሯ እየሳቁ «ካዮቴ ኢማስ» ብለው አረሙኝ። ግሱ «ካዮኡ» ነው።

መዝገበ ቃላት «አዘውትሮ መሄድ» ይላል። ሸመደድኩት፣ በማግስቱ ጠፋ። በዚያ ላይ «ቶሩ» (ማለፍ) የሚጻፈው በዚያው ካንጂ (ከቻይና በመጣው የጃፓንኛ ምልክት) ነው፤ ሁለቱን ስቀላቅል ከረምኩ።

ያዳነኝ ከቤት የመጣ ስልክ ነው። እናቴ ስለ አዲሷ የቤት ሠራተኛ ስታወራኝ «አዳሪ ናት ተመላላሽ?» አልኳት። እዚያው ላይ በራልኝ። ጃፓኖችም ልክ እንደዚህ ይከፍሉታል፤ አዳሪዋ «ሱሚኮሚ»፣ ተመላላሿ «ካዮኢ» ትባላለች። ተመላላሽ ሕክምና ደግሞ «ትሱኢን» ነው፣ በዚያው ካንጂ። ሥራ መመላለስ «ትሱኪን»፣ ትምህርት ቤት መመላለስ «ትሱጋኩ»። አንዷን ስይዝ አራት አገኘሁ።

ግን መቶ በመቶ አይገጥሙም። የእኛ መመላለስ ብዙ ጊዜ ምሬት አለበት፤ «ለአንድ ማህተም ስንቴ ተመላለስኩ!» እንላለን። ካዮኡ ምሬት የለውም። ጂምም ይካዮኣል፣ ደምም በሥጋ ውስጥ። ሁለት ሰዎች ሲግባቡ እንኳ «ኮኮሮ ጋ ካዮኡ» ይባላል፣ ልብ ለልብ ተመላለሰ እንደማለት።

የመዝገበ ቃላቱን ምሳሌ ትቼ በራሴ ኑሮ ዓረፍተ ነገር መሥራት ጀመርኩ። የባቡር ወርኃዊ ትኬቴ፣ «ቴይኪኬን» የሚሉት፣ ጥሩ ማስታወሻ ሆነኝ፤ የ1፣ የ3 ወይም የ6 ወር ይገዛል፣ የሚገዛውም የሚመላለስ ሰው ነው።

የቀረኝ ጆሮ ነው። ማክሰኞ «ካዮቢ» ነው፣ «ካዮ» ብሎ ያሳጥረዋል ሰው። በሂራጋና፣ ማለትም ድምፅን ብቻ በሚጽፈው የጃፓንኛ ፊደል ሲጻፍ ያ «ካዮ» ከግሱ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ በአፍ ነው፤ በማክሰኞው «ዮ» ይረዝማል፣ በግሱ መጨረሻ ላይ «ኡ» ለብቻዋ ትሰማለች። ደግነቱ የጓደኛዬ የጥርስ ቀጠሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር። «ካዮቢ ኒ ሃይሻ ኒ ካዮቴ ኢማስ» እያልኩ ባቡር ውስጥ በሹክሹክታ እለማመዳለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ምን እንደሚያስቡ እንጃ።