ቀይዋ አሥር ሳንቲም

ሐሙስ ጠዋት ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስሄድ ረዳቱ መልስ ሰጠኝ። ከአንድ ብሮቹ መሃል አንዲት አሥር ሳንቲም ተሰንቅራለች። አሥር ሳንቲም በእጄ ከያዝኩ ቆይቻለሁ። ይቺ ደግሞ ቀይ ናት። እንደምናውቀው ቢጫ ወይም ከእጅ እጅ ሲዞር እንደጠቆረው ቡኒ አይደለችም። ገና የተላጠ የመዳብ ሽቦ ነው የምትመስለው።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ሳንቲም ነዋ ጋሼ!» ብሎኝ ወደ በሩ ዞረ።

ዘጠና ሳንቲም በላኝ ማለት ነው። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ወረድኩ።

በአንድ ፊቷ አንበሳው፣ በሌላው የደጋ አጋዘኑ አለ። ዓመቱ ፲፱፻፷፱ ይላል። የደርግ መሆኗ ነው። ይህ ቁጥር ግን በየትኛው ዓመት እንደተመታች በትክክል አይናገርም። የንጉሡ ሳንቲሞችም ለዓመታት ሲመቱ ፲፱፻፴፮ እንዳሉ ነው የቀሩት።

ማታ ማግኔት ከፍሪጁ በር ነቅዬ አስጠጋኋት። አልያዛትም። አንድ ብሯ ግን ጥብቅ አለች። እሷ ውስጧ ብረት ነው፤ ላይዋ ብቻ ነው የተለበጠው። አንዳንዱ አንድ ብር ዝጎ የምናገኘውም ልባጡ ሲላጥ ነው። የኔዋ ብረት የላትም። «በስህተት በመዳብ የተመታች ብትሆንስ?» አልኩ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ አላጋንንም፣ ዋጋ ሁሉ ተምኜላት ነበር።

ቅዳሜ ቸርችል ጎዳና፣ መስቀልና ጠገራ ብር ከሚሸጡት ሱቆች አንዱ ገባሁ። ሽማግሌው ባለሱቅ መነጽራቸውን እንኳን አላወረዱም።

«በምን አጠብካት ልጄ?»

«እኔ አላጠብኳትም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው አጥቧታል። ናስ ናት፤ መዳብና ዚንክ። ሎሚ ውስጥ ካደረች ላይ ላዩን ዚንኩ ይሄዳል፣ መዳቡ ይቀራል።»

ፊቴ ሳይጠቁር አልቀረም። ሊያጽናኑኝ ነው መሰል ከመሳቢያቸው የንጉሡን ሁለት ሃያ አምስት ሳንቲሞች አወጡ። አንዷ ድቡልቡል ናት። የሌላዋ ዙሪያ እንደ አበባ ገባ ወጣ ይላል። ያኔ ሃያ አምስቷ የመዳብ፣ ሃምሳዋ የብር ነበሩ። ስፋታቸው ደግሞ ተቀራራቢ ነው። ታዲያ ሰዉ ምን አደረገ? ሃያ አምስቷን ብር እየቀባ በሃምሳ አሳለፋት። መንግሥትም ዙሪያዋን እንዲህ አስደረገው፤ በጨለማም በጣት ዳሰስ አድርጎ እንዲለያት። የሳንቲም ቀለም መቀየር የኛ ሰው የቆየ ሙያ ነው ለካ! ድቡልቡሏን ልግዛት ብዬ ዋጋ ጠየቅኩ። ጥሪውን ሰምቼ ዝም አልኩ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እውነት ሎሚ ይህን ያደርጋል?

ቤት ውስጥ ከድሮ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ሌላ ፲፱፻፷፱ አሥር ሳንቲም አገኘሁ። ጠቁራለች፤ ጠርዟ ላይም አረንጓዴ ዝገት ይዛለች። ባለቤቴ ለሰላጣ ያስቀመጠችውን ሎሚ ብርጭቆ ውስጥ ጨመቅኩና ነከርኳት። እሁድ ጠዋት ሳያት አረንጓዴው የለም፤ ጥቁረቱም የለም። ቀልታለች።

አጠብኳትና ለማነጻጸር ከታክሲዋ ሳንቲም ጎን ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ቡና ተፈልቶ «ና እንጂ» ተባልኩ፤ ሄድኩ። ስመለስ ትንሿ ልጄ ሁለቱንም እያሽከረከረች ትጫወታለች።

የቷ የታክሲዋ እንደሆነች አሁን አላውቅም።