ነጠብጣብ የተቀቡት ቦምብ ጣዮች

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የወይራ አረንጓዴ ወይም ግራጫ አውሮፕላን ነው። ከሰማዩና ከመሬቱ ጋር ተመሳስሎ ከጠላት ዓይን እንዲሰወር የተቀባ። ስለዚህ ባለ አራት ሞተሩ ግዙፍ ቢ-24 ሊበሬተር በትልልቅ ባለቀለም ነጠብጣብ ተሞልቶ ፎቶ ላይ ሲታይ ሰው ግራ ይገባዋል። የወታደር ቀልድ ነው፣ ወይም ለትርኢት የተዘጋጀ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ አጥብቄ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ቀለሞች የሰው ሕይወት ለማትረፍ የተቀቡ ናቸው። ለምን እንዳስፈለጉ ለመረዳት ደግሞ መጀመሪያ የእንግሊዝን ደመና ማሰብ ይጠይቃል።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1944 ነው። የአሜሪካ 8ኛ አየር ኃይል ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ ሰፍሯል፤ ብዙዎቹ የቦምብ ጣይ ሰፈሮች ኖርፎክና ሰፎክ በሚባሉት አውራጃዎች ነበሩ። አገሩ ሜዳ ነው፣ ለጀርመንም ይቀርባል። ችግሩ አየር ማረፊያዎቹ መደራረባቸው ነው። በአንዱና በሌላው መካከል ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነበት ቦታ ብዙ ነበር።

ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይቀሰቀሳሉ። ቁርስ፣ ገለጻ፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ። ነዳጅና ቦምብ እስከ አፋቸው የሞሉ አውሮፕላኖች በየ30 ሴኮንዱ ወይም በየደቂቃው አንድ አንድ እያሉ ይነሱና ወዲያው ደመና ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ውስጥ አብራሪው የራሱን ክንፍ ጫፍ እንኳ ላያይ ይችላል። የሚያምነው ኮምፓሱን፣ የፍጥነት መለኪያውንና ሰዓቱን ነው። በተባለው አቅጣጫ፣ በተባለው ፍጥነት፣ ለተባለው ደቂቃ ያህል መውጣት። ከመሬት የሚላክ የሬዲዮ ምልክትም ነበር፣ እሱን እየዞሩ ከፍታ ይጨምራሉ። ጎረቤት ሰፈርም በዚያው ሰዓት ይህንኑ እያደረገ ነው። ደመናው ውስጥ የተጋጩ አሉ። ጀርመንን ሳያዩ፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስባቸው፣ ከተነሱበት ሜዳ ብዙም ሳይርቁ ያለቁ ልጆች፣ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት አካባቢ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

ከደመናው በላይ በሰላም የወጣውም ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል። ሰማዩ በአውሮፕላን ተሞልቷል። ሁሉም ይዞራል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ጅራት ላይ የተጻፈ ፊደልና ምልክት አለ፣ ግን ያንን ለማንበብ መቅረብ ያስፈልጋል፤ መቅረብ ደግሞ አደጋ ነው። በሬዲዮ «የት ናችሁ?» ብሎ መጠየቅም አይቻልም፣ ጀርመኖች ስለሚሰሙ ጸጥታ ታዟል። የራስን ቡድን (ከአንድ ሰፈር አብረው የሚነሱትን አውሮፕላኖች) ማግኘት ግን የግድ ነው። ምክንያቱም የእነዚህ ቦምብ ጣዮች ዋናው መከላከያ አብሮ መሆን ነበር። ተጠጋግተው ሲበሩ የአንዱ መትረየስ የሌላውን ጎን ይሸፍናል፣ ቦምቡም አንድ ላይ ያርፋል። ብቻውን የቀረውን የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ፈልገው ያገኙታል።

ጥምቀት ላይ ጃንሜዳን በሞላው ሕዝብ መሃል የሰፈራችሁን ታቦት የምታገኙት ሰንበት ተማሪዎቹ በለበሱት ቀለም አይደል? እዚያም መፍትሔው ይኸው ሆነ። እያንዳንዱ ቡድን ከሩቅ የሚለይ አንድ አውሮፕላን ይኑረው፣ ቀድሞ ይነሳ፣ ከደመናው በላይ በተወሰነለት ቦታ ይዙር፣ የቀሩት ወደ እሱ ይምጡ ተባለ። ለዚህ አዲስ አውሮፕላን የሚሰጥ አልነበረም። የተመረጡት ብዙ ተልእኮ በርረው ያረጁ፣ ከእንግዲህ ለውጊያ አይሆኑም የተባሉ ናቸው። በብዛት የቀደመው ሞዴል ቢ-24ዲ ነበሩ።

ቀለሙን ቡድኖቹ ራሳቸው ነው የመረጡት፤ እና የአውሮፕላን አፍቃሪ ሆኖ እዚህ ላይ የማይደሰት ያለ አይመስለኝም። ሺፕደም የነበረው 44ኛው ቡድን «ሌመን ድሮፕ»ን ቢጫ ቀብቶ በጥቁር ሰንበር ከበበው። 491ኛው «ሊትል ግራምፐር»ን ቢጫ አድርጎ በቀይ ነጠብጣብ ሞላው። የ466ኛው በዚግዛግ መስመር ያጌጠ ነበር። ሆርሻም ሴንት ፌዝ የነበረው 458ኛው ደግሞ «ፈርስት ሳርጀንት» የሚባለውን ባለነጠብጣብ ይዞ ወጣ፤ በብዙ መጽሔት ላይ የምታዩት ዝነኛው ፎቶ የእሱ ነው። ከወራት በፊት ሜካኒክ ሁሉ አውሮፕላን እንዳይታይ ሲለፋ ነበር፣ አሁን በኪሎ ሜትሮች ርቀት እንዲታይ ቀለም ይደረብበታል።

ሌላው ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ፣ ቢ-17ም ነበረበት። ኪምቦልተን የሰፈረው 379ኛው ቡድን ይጠቀምበት የነበረው «በርሚንግሃም ብሊትስክሪግ» ታሪኩ ለብቻው ይገርመኛል። ይህ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1942 8ኛው አየር ኃይል በከባድ ቦምብ ጣዮች የመጀመሪያውን ጥቃት በፈረንሳይ ሩዋን ላይ ሲያደርስ ከዘመቱት 12 አውሮፕላኖች አንዱ ነበር። (በዚያ ጥቃት መሪውን አውሮፕላን ያበረረው ፖል ቲቤትስ ነው፣ በኋላ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለው አብራሪ።) ጦርነቱን ከጀመሩት አንዱ የነበረው አውሮፕላን ሲያረጅ ዥንጉርጉር ሰንበር ተቀብቶ የልጆቹ ሰብሳቢ ሆነ።

ውስጣቸውም ተለውጧል። መትረየሶቹና የብረት መከለያው ተነቅለው ወጡ፣ አውሮፕላኑ ቀለለ። ጎናቸው ላይ የቡድኑን ፊደል የሚሠሩ አምፖሎች ተገጠሙላቸው፤ ጨለማም ቢሆን ጭጋግ ይነበባል። ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙት ግን ወደ ሰማይ የሚተኮስ ባለቀለም የእሳት ምልክት ነበር። የየቡድኑ ቀለም አስቀድሞ ይነገራል፣ አብራሪዎቹ ያንን እየፈለጉ ይመጣሉ። መደበኛው ቢ-24 10 ሰው ገደማ ሲይዝ እነዚህ ሁለት አብራሪ፣ ናቪጌተር፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ ምልክት ተኳሽ አንድ ወይም ሁለት፣ እና ሰልፉ መስመር መያዙን የሚከታተል አንድ ታዛቢ ይበቃቸዋል።

ሥራው ግን ከአደጋ ነጻ አልነበረም። ምልክት የሚተኮስበት ባሩድ በብዛት አውሮፕላን ውስጥ ማከማቸት ምን ሊያመጣ እንደሚችል «ፈርስት ሳርጀንት» ላይ ታየ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 27 ቀን 1944 መሬት ላይ እንዳለ ምልክቱ በስህተት ፈነዳና አውሮፕላኑ ተቃጠለ። ዝነኛው ባለነጠብጣብ በጠላት ሳይነካ በራሱ እሳት አለቀ። 458ኛው በቦታው ሌላ ቀባ፣ እሱንም በነጠብጣብ። በአንዳንዶቹ አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ የምልክት ሽጉጦቹ በአካሉ ግድግዳ አልፈው ወደ ውጭ እንዲተኩሱ ሆነው ተገጠሙ።

መሰባሰቡ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። የመጨረሻው አውሮፕላን ቦታውን ሲይዝና ሰልፉ ወደ ባሕሩ ሲዞር ባለቀለሙ ይለያቸዋል። መሣሪያ የለውም፣ አብሯቸው ሊሄድ አይችልም። እሱ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፣ እነሱ ወደ ጀርመን። ከሁሉም በላይ የማስበው እዚያ የነበሩትን ሰዎች ነው። ጓደኞቻቸውን አንድ በአንድ ቆጥረው፣ አሰልፈው፣ ሸኝተው ይመለሱና ማታ ስንቱ እንደሚመለስ ይጠብቃሉ። 8ኛው አየር ኃይል በዚህ ጦርነት ከ26 ሺህ በላይ ሰው ሞቶበታል። እርግጥ እነሱ የጣሉት ቦምብ ከሥር የነበሩ ብዙ ሲቪሎችንም ገድሏል፤ ስለ አውሮፕላኖቹ ውበት ስጽፍ ይህን ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም።

ዘዴው መሥራቱን የሚያሳየው ብዛቱ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1944፣ ጀርመኖች በምዕራብ ግንባር የመጨረሻውን ትልቅ ማጥቃታቸውን ባደረጉበት የአርደን ጦርነት መሃል፣ ከ2,000 በላይ ከባድ ቦምብ ጣዮች በአንድ ቀን ተነሱ፤ የ8ኛው ትልቁ ተልእኮ ነበር። ያን ሁሉ አውሮፕላን በክረምት ሰማይ ላይ ቦታ ቦታ ማስያዝ በራሱ ትልቅ ሥራ ነው፣ ከቦምቡ ያላነሰ ሊወራለት ይገባ ነበር።

ጦርነቱ ሲያልቅ እነዚህ አውሮፕላኖች ተቆራርጠው ለብረት ሄዱ። አንዱ እንኳ ለሙዚየም አለመቀመጡ ያናድደኛል። ከ18 ሺህ በላይ ቢ-24 ተሠርቶ አንድ ባለነጠብጣብ ማትረፍ ምን ይከብዳል? ዛሬ የሚገኘው ፎቶና ጥቂት ፊልም ነው። ሆርሻም ሴንት ፌዝ አሁን የኖርዊች ኤርፖርት ሆኗል። 389ኛው ቡድን የነበረበት ሄዝል ላይ ሎተስ መኪና ይሠራል።

እንግሊዝ አገር ያላችሁ ወደ ኖርዊች ብቅ ካላችሁ ግን ከተማው መሃል፣ ፎረም የሚባለው ሕንፃ ውስጥ፣ የ2ኛው አየር ዲቪዥን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት አለ። ከ8ኛው አየር ኃይል ውስጥ እነዚህን ቢ-24ዎች ያበረረው ክፍል ያ ነው፤ የሞቱበትም ወደ 7 ሺህ ይጠጋሉ። ቤተ መጻሕፍቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፈተ፣ በ1994 በእሳት ወደመ፣ እንደገና ተሠርቶ በ2001 ተከፈተ። የሞቱት ስም ዝርዝር እዚያ ይገኛል፣ የየቡድኑ ታሪክም እንዲሁ፣ ገብቶ ማንበብ በነጻ ነው።